መብራቱ ብቻውን እንዳይበራ

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ፤

አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት፣ ደረጃውን እንደ ልብዎ መውጣት ጀመሩ? ያ ሳል ለቀቀዎት ወይስ አሁንም እማዬን እንቅልፍ ይነሳታል? እሷስ እንዴት ናት? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ምንም አልጎደለብኝም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ቀሚሶቼም ጠበውኛል።

በስልክ ማውራት እየቻልን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምዎት አይቀርም። ግን እርስዎ ደህና መሆኔን ከሰሙ በኋላ «በይ ካርድሽ እንዳያልቅ» ብለው ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል። እኔ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ስለተናገርኩት ክፉ ቃል ይቅርታ ልጠይቅዎት እፈልጋለሁ፤ ያ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ብዕር ያስጨበጠኝ ታናሽ እህቴ ባለፈው እሑድ የነገረችኝ ወሬ ነው፤ እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ሥራዬ ላውጋዎት፤ ነገሩ የተያያዘ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በጥገና ክፍል እንደምሠራ ያውቃሉ። ከጥቂት ወራት ወዲህ አለቃዬ አዲስ ሥራ ሰጥቶኛል። መምህራኑና የቢሮ ሠራተኞቹ መብራት እያጠፉ እንዲወጡ፣ ወረቀትም እንዳያባክኑ ማሳሰብ ነው። አዎ አባዬ፣ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን በነጻ የሠሩትን እኔ ደመወዝ እየተከፈለኝ እሠራዋለሁ። እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ ይሳቁ።

መጀመሪያ ስብሰባ ጠራን። ውጭ ፀሐዩ እያናጠረ እኛ መጋረጃ ዘግተን፣ የአዳራሹን መብራት በሙሉ አብርተን፣ ስለ ቁጠባ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርን። ሁሉም አጨበጨበ። ሲወጣ ግን አንድም ሰው መብራት አላጠፋም፤ እኔም ረስቼው ከደረጃው ተመለስኩ። ቀጥሎ «ወረቀት አናባክን» የሚል ማስታወቂያ ሦስት መቶ ቅጂ አባዝቼ በየበሩ ለጠፍኩ። በሳምንቱ ሕንጻውን የሚያጸዱት እናት አንድ ጆንያ ወረቀት እየጎተቱ ቢሮዬ መጡ። ከፍቼ ባየው የገዛ ማስታወቂያዬ ነው። «ልጄ፣ አንቺ ከጀመርሽ ወዲህ ቆሻሻው በዛብኝ» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ከሁሉ ያስቸገሩኝ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት የታሪክ መምህር ናቸው። ቢሯቸው ሰው ኖረም አልኖረም ሲበራ ስለሚውል ሠራተኛው በሌሉበት «ፀሐዩ» ይላቸዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። በነገርኳቸው ቁጥር «እሺ የኔ ልጅ» ይላሉ፤ በማግስቱም ያው ናቸው። ለሚቆጣኝ ሰው መልስ አላጣም ነበር፤ እሺ ባይን ሰው ግን ምን ይሉታል?

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ማራገቢያው ባዶ ወንበር ላይ እየነፈሰ አገኘሁት። እሳቸው ክፍል ገብተው ያስተምራሉ። ማጥፊያውን ልጫን እጄን ስዘረጋ እርስዎ ትዝ አሉኝ። እርስዎ ባዶ ክፍል ውስጥ መብራት ሲያገኙ አይቆጡም፣ አያጠፉትምም፤ በርጩማዎን ይዘው ገብተው ይቀመጣሉ። ያበራው ሰው እስኪመለስ እጅዎን ጉልበትዎ ላይ አድርገው ዝም ነው። ምን እያደረጉ እንደሆነ ሲጠየቁም «ብቻውን እንዳይበራ ብዬ» ይላሉ። እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መምህሩ ሲመለሱ ማንን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ማንንም እንዳልፈለግኩ፣ መብራቱ ብቻውን እንዳይበራ ብዬ እንደሆነ ነግሬያቸው ወጣሁ። ጤንነቴን ሳይጠራጠሩ አልቀሩም። በሁለተኛው ቀን ሳቁ። በሦስተኛው ቀን ገና ከኮሪደሩ ሲያዩኝ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። በአራተኛው ቀን ብሄድ መብራቱ ጠፍቷል፣ ማራገቢያውም ቆሟል።

ወሬው በሕንጻው ተናፈሰ። አሁን ሰዉ «ልጅቷ መጥታ እንዳትቀመጥብን» እያለ አጥፍቶ ይወጣል። ፀሐዩም ራሳቸው ሰሞኑን የዲኑ ባዶ ቢሮ ውስጥ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁልጊዜ ግን አይቀናኝም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ ስጠብቅ የቆየሁበት መብራት ጥግ ላይ ላሉት ችግኞች የበራ ሆኖ ተገኘ፤ ባለሙያው ሰው እንደማያስፈልጋቸው በትሕትና አስረዳኝ። የፎቶ ኮፒ ክፍሉም አሁንም ወረቀት እንደ ጉድ ይበላል። የሕንጻው ቆጣሪ ግን በዚህ ወር ከወትሮው ዝቅ ብሏል፤ አለቃዬ ራሱ አይቶ ነው የነገረኝ።

በዚህ መሀል እኚያ የጽዳት ሠራተኛ ይህን ዘዴ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። «ከአባቴ ነው» አልኩ፤ ኮራሁ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ጓደኞቼን ይዤ የመጣሁ ዕለት፣ አብርቼው በሄድኩት ክፍል ውስጥ እርስዎን ተቀምጠው ሳገኝ በሰው ፊት ያልኩዎትን አልረሳሁትም። «እዚህ ቤት መኖር ጨለማ ውስጥ መኖር ነው፤ የምሄድበትን ቀን ነው የምቆጥረው» አልኩ። እርስዎ በርጩማዎን አንስተው ወጡ። በወሩ ሻንጣዬን ተሸክመው ሸኙኝ፤ ያን ነገር እርስዎም አላነሡት፣ እኔም አላነሣሁት። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ንቄ ሳይሆን አፍሬ ነው። ይቅር ይበሉኝ አባዬ።

እህቴ የነገረችኝ ይሄን ነው። ከሄድኩ ጀምሮ የእኔ ክፍል መብራት በየምሽቱ ይበራል አለችኝ። እማዬ ስታጠፋው እርስዎ መልሰው ያበሩታል፤ ራት እስኪቀርብም በርጩማዎን ይዘው እዚያ ይቀመጣሉ። «አባዬ በገዛ ሕጋቸው ተያዙ» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ሰበብ ፈልጌ ስልኩን ዘጋሁ።

እማዬን ይሳሙልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል፣ እጅጌው ብቻ ትንሽ ረዝሟል። ታላቅ ወንድሜን፣ ሚስቱንና ልጆቹን በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ። አክስቴ ጥርሷን ተሻላት? ለእሷም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እህቴን ወሬ ማቀበሏን እንዳታቆም ይንገሯት። በርጩማዎንም ሰላም ብያለሁ።

የእረፍት ፈቃዴ ተፈርሟል፤ በመጪው ወር አጋማሽ እመጣለሁ። እስከዚያ ያንን መብራት ያጥፉት፤ ክፍሉ ባዶ ነው። የመጣሁ ዕለት እኔ ራሴ አብርቼው እወጣለሁ። እርስዎ እንደ ልማድዎ ገብተው ይቀመጡ፤ እኔ ሌላ በርጩማ ይዤ እመለሳለሁ።

ልጅዎ

ከጥገና ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ መብራት ሳይበራ
ኅዳር 12 ቀን