በኬላ የቀሩት ሁለት እጆቼ

ለክቡር አቶ ባስልዮስ አድማሱ
የቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛ መሪ፣ የሰባቱ መንግሥታት ፈጣሪና የኬላዎቻቸው ሁሉ የበላይ ጠባቂ
ጅግጅጋ

ጉዳዩ፦ እጆቼ እንዲመለሱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ከደወሌ ሲመለሱ መኪና ውስጥ እንደታጠፈ የቀረው ወገብዎ ተሽሎት እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ጤና የጠየቁ እንደሆነ፣ ከሁለቱ እጆቼ በቀር ደህና ነኝ። እነሱ እርስዎ ዘንድ ስላሉ የእነሱን ደህንነት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ይህን ደብዳቤ ጎረቤት ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የምጽፈው፣ አቤቱታዬን ደጋግሜ በቃል ባቀርብም «ጨዋታው ሚዛን ያስፈልገዋል» ከማለት ያለፈ መልስ ስላላገኘሁ ነው። ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። አራት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ በእኔ ሳሎን ተሰብስበን የምናብ ጨዋታ እንጫወታለን። እርስዎ ዓለሙን ይተርካሉ፤ እኛ በወረቀት ላይ የፈጠርናቸው ሰዎቻችን ምን እንደሚያደርጉ እንናገራለን፤ መምታት መሳታቸውን ጠረጴዛው ላይ የምንወረውረው ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ ይወስናል። የጂኦግራፊ መምህሩ ሮብሌ ባለ ሰይፍ ነው። ፋርማሲ የምትሠራው ኢዲል ደግሞ ምርኩዝ የያዘ የመቶ ዓመት አስማተኛ ሆናለች። እኔ ወለተ ነፋስ የተባለች፣ ጥሩርም ሰይፍም የሌላት የባዶ እጅ ተፋላሚ ነኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የሮብሌ ሰይፍ በአንድ ምት ሦስት ሽፍታ ሲያነጥፍ፣ የእኔዋ ወለተ ነፋስ አራት ጊዜ ደርድራ መትታ ግዙፉ ጭራቅ ማን እንደሚኮረኩረው ዞሮ ሲያይ፣ ስለ ሚዛን ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔም አላነሳሁም፤ ሻይ እየቀዳሁ እስቅ ነበር።

ከዚያ ኬላዎችዎ መጡ። በሥራዎ ምክንያት ከደወሌ በአዲጋላ አድርገው ጅግጅጋ እስኪገቡ ድረስ ገመድ በተዘረጋበት ሁሉ የሚቆሙ ሰው ነዎትና፣ ፍተሻ የሌለው ዓለም ሊታሰብዎ እንዳልቻለ እረዳለሁ። በከተማው በር ኬላ፣ በመናፍስቱ ጫካ ኬላ፣ በዘንዶው ዋሻ አፍ ላይ እንኳ ፌስታል የታሰረበት ገመድና «ውረዱ፣ መታወቂያ» የሚል ዘበኛ አቆሙ። መሣሪያ ያለው መሣሪያውን ያስረክባል፣ ቁጥር ይቀበላል፣ ሲወጣ ይወስዳል። እጅግ የሠለጠነ አሠራር ነው።

እርስዎ ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር። በንጉሡ የግብር ድግስ ላይ ነፍሰ ገዳዮች ሲነሡ የእኛም የእነሱም ብረት በር ላይ ነበር። ሮብሌ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ወለተ ነፋስ ግን እጆቿን ይዛ ነበር የገባችው፤ ሁሉንም አነጠፈቻቸው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ» እያልኩ ስሰደብ የምውል ሠራተኛ ነኝ። ያን ቅዳሜ ማታ ግን አልጋዬ ላይ ብቻዬን ስስቅ አመሸሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሮብሌ ሚዛን ጎደለ ብሎ አመለከተ። እርስዎም ጥቂት አሰቡና እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ «እጅ ያለው ሁሉ ታጥቋል።» ለዚህ ጥበብ የተሞላበት ውሳኔዎ እያመሰገንኩ ያስከተለውን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. የወለተ ነፋስ ቡጢዎች «ሁለት ቀላል መሣሪያ፣ ጠይም» ተብለው ተመዘገቡ፤ እጆቿ በገመድ ታሰሩ፤ ቁጥሩም አንገቷ ላይ ተንጠለጠለ። ስንወጣ ሮብሌ ሰይፉን ወዲያው ተቀበለ። የእኔን እጆች የሚፈታው ዘበኛ ግን ለምሳ ወጥቷል ተባለ። ከበሩ ውጭ ጅቦች ከበውን እኔ ስለ ዘበኛው ምሳ አስብ ነበር። ምን እየበላ እንደሆነ ብጠይቅዎት «ሩዝ በሥጋ» ብለው ወዲያው መለሱልኝ። ለዓለምዎ ጥቃቅን ዝርዝር እንኳ መጨነቅዎን አደንቃለሁ።

2. ጅቦቹን በእርግጫ በመበተኔ በሚቀጥለው ኬላ እግሮቼም ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ ወለተ ነፋስ በየከተማው የምትገባው በሮብሌ ጀርባ ላይ እንደ ጆንያ ተጭና ነው። ገበያ መሀል ኪስ አውላቂውን በግንባሯ ብትመታው፣ እርስዎ ጭንቅላቴን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። በዚያች ሰዓት የግመል ወተት ሻዩ ባይቀርብ ኖሮ የት እደርስ እንደነበር አላውቅም፤ ሻዩን አመሰግናለሁ።

3. ኢዲል በምርኩዟ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው አቃጥላለች። ምርኩዙ ግን አልተመዘገበም። ለምን ብል፣ ከሀርሺን እስከዚህ ድረስ የሽማግሌ ዱላ የሚቀማ ባለጌ አይገኝም አሉኝ። ልክ ነዎት፣ አይገኝም። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ እኛ የምናውቃቸው ሽማግሌዎች ዱላቸውን ተደግፈው ነገር ያበርዳሉ እንጂ ከጫፉ እሳት አይተፉም። አስማቱ የሚወጣው ከአፏ ነው፣ አፏ ይመዝገብ ብል ደግሞ ንግግር መብት ነው ተባልኩ። ኢዲል ራሷ እንኳ አፍራ ብስኩቷን አካፍላኛለች።

4. እጆቼን በዋስ ማስፈታት እንደሚቻል መፍቀድዎ ትልቅ ርኅራኄ ነው። ዋሱ ቋሚ ደመወዝ ያለው ይሁን አሉ። በሰባቱ መንግሥታት ሽፍታ፣ ንጉሥ፣ ጭራቅና ነጋዴ አለ፤ ቋሚ ደመወዝተኛ ግን አንድ ብቻ ሲሆን እሱም የዘንዶው ዘበኛ ነው። ጠየቅሁት። መልካም ሰው ነው፣ ሊፈርምልኝ ፈልጎ ነበር። አለቃውን ለመምታት የሚውል እጅ መሆኑን ሲሰማ ግን እንጀራዬን አትንኪብኝ አለኝ። ፍትሐዊ ስለሆነ አልተከራከርኩትም።

አምስተኛውን ትቼዋለሁ፤ ስለ ክርኔ ነው፣ ሐሳብ እንዳልሰጥዎት እፈራለሁ።

አሁን ግን ቀልዱን ላቁም። በመጪው ቅዳሜ የዘንዶው ዋሻ ውስጥ እንገባለን። እዚያ የታሰረችው ወለተ ነፋስን ከልጅነቷ ያሳደገቻትና መታገል ያስተማረቻት አሮጊት ናት። እጅና እግሯን ታስራ የገባች ተፋላሚ እንደማትወጣ እርስዎም ያውቃሉ። የሞተ ሰው ወረቀቱ ይቀደዳል የሚለውን ደንብ ያወጡትም እርስዎ ነዎት። ይህችን ሴት የፈጠርኳት ሁላችንም በኮቪድ ቤታችን በተዘጋንበት ዓመት ነው። በየቀኑ «እሺ» የምለውን ሁሉ «እምቢ» ትልልኝ ነበር። እንድትሞት አልፈልግም፤ ከሞተችም ታግላ ትሙት።

ነገሩን ለእናቴ ለወይዘሮ አትጠገብ ሳስረዳ፣ ጨዋታው ምንም ባይገባትም እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «እና አሁን እጅሽ ማን ጋ ነው?» ባስልዮስ ጋ ነው አልኳት። እሷም ለእርስዎ ለይታ የምታስቀምጠውን ትልቁን ብርጭቆ ከመደርደሪያው አንስታ ወደ ውስጥ አስገባችው።

ስለሆነም እጅና እግሮቼ ከዋሻው በር በፊት እንዲፈቱልኝ፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ሰይፉ፣ ምርኩዙና የዘንዶው ጥርስ ጭምር በዚያው ገመድ አጠገብ ተመዝግበው ሁላችንም ዘንዶውን በጨዋነት እንድናነጋግረው በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ያን ጊዜ ሚዛን ይኖራል።

ለሚዛን ያደረጉትን ድካም ሁሉ እያሰብኩ፣ በእጄ መፈረም ስላልተፈቀደልኝ በሮብሌ አማካይነት ያስፈረምኩ፣

የዘወትር አክባሪዎ
አይዳ ሀብተየስ
(እጆቿ በኬላ)

ማሳሰቢያ፦ ዓለሙ የእርስዎ ሲሆን ሳሎኑ የእኔ ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ በቤቴ በር ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ፌስታሉን አስሬበታለሁ። በራስዎ ደንብ መሠረት ሰው ሊጎዳ የሚችል ነገር ሁሉ በር ላይ ይቀመጣል፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ዳይስዎንና ምላስዎን አስረክበው ቁጥር መቀበል ብቻ ነው። ሲወጡ የምትመልስልዎት እናቴ ናት። ለጊዜው ግን ለምሳ ወጥታለች።