ቁጥቋጦው ሥር የወደቀው ጥላ

ይድረስ በአፋር በረሃ ላለው ልጄ ሙናዊር፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ መርካቶም እንደ ልማዷ ትጋፋለች። ስልክህ እምቢ ቢለኝ ጻፍኩልህ።

በሹፌሩ የላክኸው የቁጥቋጦ ፎቶ ደርሶኛል። የሱቅ ጎረቤቴ የሺ «ይሄ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። አፈርኩ፤ ልጄ እሾህ ፎቶ ያነሳል ማለት ከብዶኝ ሠርግ ያነሳል ያልኳት እኔው ነኝ። ቆይታ ግን ፀሐይ ያረፈችበትን እሾህ አይታ «የብር ጌጥ ይመስላል» ብላ ሱቋ ሰቀለችው። የባሰ አፈርኩ። እኔ ያየሁት ሥሩ የወደቀውን ቀጭን ጥላህን ብቻ ነበር። የማታ ፀሐይ ጥላ ታቀጥናለች አይደል?

የሺ የቁጥቋጦውን ቁመት ማወቅ ትፈልጋለች። እስቲ አጠገቡ ቁምና፣ ፊትህ በደንብ እንዲታይ ሆነህ ፎቶ ተነሳ።

አላህ ጥላ ከለላ ይሁንህ።

እናትህ ሀፍሷ