አሮጌው ቤትና የኔ አፍ

አዶናይ ጀለሴ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ገብቼ አፍሬ ቁጭ ብያለሁ። ወንድሜ ቲቶ ሊገዛው ያሰበውን ቤት ሊያሳየኝ ወሰደኝ፤ ለካ አሮጊት የምትኖርበት ነው! አጠገቡ አዲስ ቤት ሞልቶ! እኛ ጋ ሆሳዕና ከተማ የኖረበትን ቤት የሚሸጥ ጉድ የፈላበት ሰው አይደል? ደሜ ፈላ። ግዢው እንዲቀር ብዬ በዚያች እንግሊዝኛዬ «ምን መዓት ወርዶብሽ ነው የምትሸጪው?» አልኳት። ቲቶ ክው አለ። እሷ ግን ያዘንኩላት መስሏት እጄን ይዛ «አይዞህ፣ ልጄ ጋ ልገባ ነው። እንዲህ ላሰበልኝ ልጅ ወንድም ነው የምሸጠው» አትልም! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ! ቲቶ ጥያቄዬን ዘሎ፣ አሮጊቷ እጄን የያዘችበትን መጨረሻውን ብቻ ሆሳዕና ላለችው እማዬ በስልክ ነገራት። እሷም ቸርች ቆማ «ልጄ ቁጣውን ተወ» ብላ መሰከረች አሉ። መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ፤ ጓደኛችንን ቤቴልን ሰላም በልልኝ። አንተ ግን ያን ቀን ኳየር ውስጥ እየዘመርክ ነበርክ፤ ሳቅክ ወይስ አሜን አልክ?