የውድነሽ ናሙና

ጥቅምት 27

እሸት ቡናውን ማድረቂያ አልጋው ላይ አሰጣሁ። ደመናው አይታመንም... ሁለት ጊዜ ሸፈንኩ፣ ሁለት ጊዜ ገለጥኩ። ጎረቤቴ ሲሞን «ጋሼ፣ ሰው ይቅጠሩ እንጂ» አለኝ። ቅጥረኛ ቡናውን ይጠብቃል። ቅጥረኛውንስ ማን ይጠብቀዋል?

ከሰዓት ልጄ ህሊና ከማሻ ደወለች። ለእናቷ ለውድነሽ መቃብር ያዘዝነው ድንጋይ አልቋል። የቀረው ፎቶው ነው። ጅማ ያለው ድንጋይ ሠሪ ሸክላ ላይ አትሞ ይለጥፈዋል።

«አንተ ጋ ፍላሹ ላይ ያለውን ዓይነት ግን አልቀበልም ብሏል አባዬ። ቢኤምፒ ነው። ወደ ጄፔግ ወይ ወደ ፒኤንጂ ይቀየር አለ።»

«ምኗ ነው የሚቀየረው? እናትሽ ናት።»

«ፊቷ አይደለም፣ ፋይሉ ነው። ፎቶ ቤት፣ ካሊድ ጋ ውሰደው።»

ፋይሉ... ፊቷ ያለው ፋይሉ ውስጥ አይደለም እንዴ?

ጥቅምት 28

አልሄድኩም። ፍላሹን ከሸሚዝ ኪሴ አውጥቼ አየሁት። ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። የውድነሽ ሌላ ፎቶ የለም። መታወቂያዋ ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ ረጥቦ ፊቷ ተላጠ። ከዚያ በፊት ህሊና ስካን አድርጋ እዚህ ውስጥ አስገብታዋለች። የእሷ ኮምፒውተር ደግሞ ከተበላሸ ቆየ። እንግዲህ ያለችኝ ይቺ ናት... ለማን አምኜ ነው የምሰጠው?

ጥቅምት 30

ካሊድ ፎቶ ቤት ሄድኩ። የአሚኑ ልጅ ነው። አባቱ ቡና ገዥ ነበር፣ አውቀዋለሁ፣ ነፍሱን ይማር። ልጁን ግን አላውቀውም።

«ጋሽ ማቴዎስ! ዛሬ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ነው?»

«እኔን ተወኝ። ይሄን ቀይር። እዚሁ ቆሜ።»

«ወንበር አለ እኮ።»

«ቆሜ አልኩ!» ሚዛን የሚጠበቀው ተቆሞ ነው።

ከፍላሹ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠ። ውድነሽ ወጣች... ትክ ብላ። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳዋ አለ፣ እንደ ክር ቀጭን። ቡና ስትለቅም ቅርንጫፍ የመታት ነው። ስትቆጣ መጀመሪያ የሚቀላው እሱ ነበር።

ካሊድ ነካ ነካ አደረገና አለቀ አለኝ። የት አለቀ? ከስሙ ጎን ቁጥር አለ። ቁጥር ማንበብ አያቅተኝም። ዘጠኝ መቶ የነበረው አርባ ሆኗል።

«የቀረው የት ሄደ?»

«ጄፔግ እንዲህ ነው ጋሼ። ዓይን የማያየውን እየጣለ ነው የሚያሳንሰው።»

«የማን ዓይን?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አጉላው አልኩት። ጠባሳው የለም! ቅንድቧ ላይ ጭቃ የመሰለ ነገር ብቻ...

«መልሰው።»

ወደ ቢኤምፒ መለሰው። ቁጥሩ ዘጠኝ መቶ ሞላ። ጠባሳው ግን አልተመለሰም። ድንጋይ ጨምረው ጆንያ የሚሞሉ ሰዎች አውቃለሁ። ሚዛኑ ልክ ነው፣ ቡናው የለም።

«ጥራቱን በጣም ዝቅ አድርጌው ነው፣ ቆይ ሌላ...»

«ከዚህ ሳጥንህ አጥፋት። አሁኑኑ። እያየሁ።»

አጠፋ። ቶሎ አጠፋ... በጣም ቶሎ። አንድ ጊዜ ነክቶ ብቻ? ሰው እንዲህ በቀላሉ ይጠፋል? ፍላሼን መንጭቄ ወጣሁ።

ኅዳር 2

ቴፒ ሄድኩ። እዚያ አባቱን የማውቀው፣ አባቴን የሚያውቅ የለም። ባዳ ምን ብሎ ይዋሸኛል ብዬ። መንገዱን ሙሉ ኪሴን እንደያዝኩ።

ኮምፒውተር ቤት ያለችው ልጅ ፍላሹን ሰካችው። ሳጥኑ አንድ ነገር ጠየቃት። ምን አለ ስላት «ፎርማት ላድርገው ወይ ነው የሚለው አባባ» አለች።

«ካላልሽውስ?»

«አይከፈትም።»

«በያ አድርጊው።»

ተከፈተ። ባዶ።

«ቀድሞም ምንም አልነበረበትም እንዴ አባባ?»

ባዶውን ፍላሽ ኪሴ ከትቼ ተመለስኩ።

ኅዳር 3

ቡናውን አልገለጥኩም።

ኅዳር 4

ህሊና ደወለች። «ተቀየረ?» አለች። «ነገ» አልኳት። ድምጿ የእናቷ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ይሰማኛል።

ፊቷን ለማስታወስ ሞከርኩ። ጠባሳው ይመጣል። ሌላው እየመጣ ይሄዳል...

ኅዳር 5

ካሊድ በር ላይ ቆምኩ። ምን ልል? አጥፋት ያልኩት እኔ ነኝ።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ።»

«ፍላሹ ባዶ ሆነ።» አልኩት።

«ያን ቀን ሲመነጭቁት ተበላሽቶ ይሆናል» አለ። ፂሙን አሸት አሸት አደረገ። «እንግዲህ ቢቆጡም ይቆጡ...»

ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ቅርጫት አለች። ነካት። ለካ የጠፋ ሁሉ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ውድነሽ ቅርጫት ውስጥ! ከነጠባሳዋ።

«አጠፋሁ አላልከኝም?»

«ጣልኩ እንጂ ቅርጫቱን አልደፋሁም። አባቴ ናሙና ሳያስቀር ቡና ሸኝቶ አያውቅም። ገዥው የመጣልኝ ሌላ ነው ካለ ከቤት አውጥቶ ያሳየዋል። እርስዎስ ሲያስረክቡ እንደዚያው አልነበር?»

እንደዚያው ነበር። አንድ ጣሳ በጨርቅ ቋጥሬ አስቀር ነበር። ለቡናው አስቀርቼ ለውድነሽ ሳላስቀር...

ዓይኔ ሥር ሲያጠፋ ጠርጥሬው ነበር። ልክ ነበርኩ። አታሎኛል። እግዚአብሔር ይስጠው።

ወደ ፒኤንጂ ቀየራት። ቁጥሩ ስድስት መቶ ሆነ።

«ይሄኛውስ ምን ሰረቀ?»

«ይሄ አይጥልም፣ ይጠቀጥቃል እንጂ። ያው ቡና ነው፣ ጠባብ ጆንያ።»

መልሰው አልኩ። ዘጠኝ መቶ። አጉላው አልኩ። ጠባሳው አለ። ድገመው አልኩ።

«ጋሼ፣ እስኪመሽ ስናገላብጣት ልንውል ነው?»

«እንዋላ!»

ደገመው። አለች። እንደገናም አለች። ያኔ ለድንጋይ ሠሪው ላክ አልኩት። ላከና እጁን ሰብስቦ አየኝ። አጥፋት እስክለው መሰለኝ። ሳልለው ወጣሁ።

ጥር 12

ድንጋዩ ቆመ። ህሊና ከማሻ መጣች። ሸክላውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ጣቷን ቅንድቡ ላይ አሳረፈች። «ጠባሳዋ እንኳ አልቀረም» አለች። እኔም ጣቴን ከጣቷ ጎን አሳረፍኩ።

ስንመለስ ካሊድ ጋ ገባን። ለህሊና አንድ ፍላሽ አስሞላሁላት፣ ማሻ ይዛው ትሂድ። የእኔም ተሞላ።

«አንተስ ጋ አለች?» አልኩት።

«አለች። ላጥፋ?»

«እንዳትነካት! ናሙናዋ አንተ ጋ ትሁን።»

«በሉ ይምጡ፣ ቁጥሯን ላሳይዎት።»

«ተወው» አልኩት። ወንበሩን ሳብኩና ተቀመጥኩ።