አባዬ የተወለደባት ደሴት

ሐሙስ
ዘር ቆጠራ ጉድ ያወጣል ብዬ አላሰብኩም። እሁድ የእጮኛዬ የያሬድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ዝምድና እንደሌለን ለማረጋገጥ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዛሬ እማዬ አባዬን «ያሳደጉህን ሰዎች ዘር የራስህ አድርገህ ቁጠር፤ ማን ያውቃል?» ስትለው ሰማኋት። ስጨቀጭቃት በሩን ዘግታ ነገረችኝ። የአባዬ ወላጆች ሲነገረኝ እንደኖረው በወረርሽኝ አልሞቱም። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበሩ። ሐይቅ መሃል ወዳለች ደሴት ተወስደው፣ እዚያው ተዋውቀው ተጋቡ፤ አባዬም እዚያ ተወለደ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የምትለኝ እማዬ የራሷን ስንት ዓመት አሳደረችው!

ዓርብ
የምሠራበት ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ጋቢ ስዘረጋ ነጩ ሁሉ ውሃ መሰለኝ።

አባዬ በረንዳ ላይ ሆኖ በትንሽ በትንሹ አወራኝ። ደሴቲቱ ላይ ዳቦ ጋጋሪ፣ ዳኛ፣ ቄስ ነበሩ፤ ሁሉም ሕሙማን። ዱቄት የሚያመጣው ቀዛፊ ጆንያውን ቋጥኝ ላይ ጥሎ፣ ሳይወርድ ይመለሳል። ጤነኛ ልጅ ጡት ሲጥል ማዶ ይወሰዳል። አባዬም ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ደሴቲቱ እንዳይገባ ተከልክሎ፣ እናቱን ያያት ከሩቅ ብቻ ነው፤ ነጠላዋን ስታውለበልብ።

«ፊቷን አላውቀውም» አለኝ። አለቀስኩ።

ቅዳሜ
በሕልሜ ሰፈራችን ጉለሌ ሐይቅ ሆና አደረች። ኮረብታው ላይ ያለችው ቁስቋም ማርያም ብቻ ከውሃው በላይ ቀርታለች፤ ሚኒባሶቹ ቀስ ብለው ይንሳፈፋሉ። ደስ ይል ነበር። የፈራሁት ስነቃ ነው።

የምፈራው፦ ሰፈሩን። የያሬድን እናት። ያሬድን ራሱን። በሽታው በዘር እንደማይተላለፍ፣ በመድኃኒት እንደሚድን እሱም ያውቃል። እናቱስ? ልደውልለት ስልኩን ሦስቴ አንስቼ መለስኩት።

እሁድ
ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ አዳምጣለሁ። «አባትዎ ማን ይባላሉ?» ሲሉት አባዬ የእውነተኛ አባቱን ስም ጠራ። ቀጥሎ ደሴቲቱን ጠራ። «ከእነሱ በላይ ያለውን አላውቅም። ዘመድ ክዷቸዋል። እኔም እስከ ዛሬ ደበቅኳቸው፤ በቃ» አለ።

በወጉ «ተማክረን እንንገራችሁ» ብሎ ቀጠሮ የሚሰጠው የሴት ቤት ነው። ዛሬ ቀጠሮ የጠየቁት ሽማግሌዎቹ ሆኑ። እማዬ ተስፋ ቆርጣ ተኛች፤ እኔ ግን በአባዬ ኮራሁ። እየፈራሁም ቢሆን ኮራሁ።

ሰኞ
ያሬድ ሱቅ መጣ። እናቱ አኩርፋለች፤ ከማንም ጋር አታወራም። «እኔ ግን ከአንቺ አልቀርም» አለኝ። ቀጥሎም «አባትሽን ይዘናቸው ደሴቲቱን አይተን ብንመጣስ?» አለ።

ቤት ገብቼ ለአባዬ ነገርኩት። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። እንደ ልጅ በቀጭን ድምፅ «አሁን እኔን ያስገቡኛል?» አለኝ።