የእናትሽ የጾም ጁስ

ውድ መቅዲ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደኅና አይደለሁም፤ ተበድያለሁ። የበደለኝም የላክሽልን የጁስ መፍጫ ገመድ ነው። እኔ አጎትሽ ደረበ፣ በገንዳ ውሃ ከተማ ዙሪያ ያለውን ትራክተር ሁሉ ሆዱን ከፍቼ ያየሁ ሰው፣ እንዲህ ያለ አጭር ገመድ አይቼ አላውቅም። አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። የሠራው ሰውዬ የቤቱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሶኬት ሳይሆን አይቀርም። እናንተ ቤት ደግሞ እንደምታውቂው የሚሠራው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከእናትሽ አልጋ ራስጌ። ስለዚህ ማንጎ ስልጥ፣ ሙዝ ስቆራርጥ፣ ማሽኑ ሲያጓራ፣ ሁሉንም የማደርገው እናትሽ አፍንጫ ሥር ቆሜ ነው። ዳኛ ፊት የቀረበ ሌባ እንኳ እንደኔ አይፈጠጥበትም። አቤቱታዬን ለሚመለከተው አካል አድርሺልኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ግን በስልክ የምለውን አታምኚም። ትናንት ማምሻውን "እናትሽ ቀመሰች" ስልሽ፣ "ጋሼ፣ በሷ እንኳ አትቀልድ!" ብለሽ ዘጋሽብኝ። አልፈርድብሽም። በልጅነትሽ፣ የመተማን ድልድይ ወደ ሱዳን የሚሻገር ልጅ ስሙን በዐረብኛ ካልተናገረ አይለፍም ብዬሽ፣ ቀኑን ሙሉ "ኢስሚ መቅዲ፣ ኢስሚ መቅዲ" እያልሽ ስትለማመጂ እንድትውዪ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ባንድ ቀን ታማኝ አይሆንም። ስለዚህ በወረቀት አደረግሁት። ነገ ጠዋት ወደ ጎንደር የሚወጣው የሽኩር ሚኒባስ ያደርስልሻል። እስከ ቅዳሜ ካልበላች የመውጫ ፈተናውን ትቼ እመጣለሁ ብለሻል አይደል? ከቅዳሜ በፊት አንብቢው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ወባው እናትሽን ከለቀቃት ሳምንት አልፎታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ "መድኃኒቱን ጨርሳለች፣ ትኩሳትም የለባትም፤ አሁን የቀራት መብላት ብቻ ነው" ብላኛለች። ግን ይህ "ብቻ" የተባለው ነገር ነው ያስቸገረን። ሽሮው መረራት፣ ምስሩ መረራት፣ ውሃው ሳይቀር መረራት። ጎረቤት ያመጣላትን ሁሉ አንዴ ነክታ ትመልሳለች።

ደግሞ አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። እንዳልነግርሽ አስጠንቅቃኛለች፤ እኔም አንገቴን ነቅንቄያለሁ፤ መነቅነቅ መማል አይደለም። እናትሽ የሰኔን ጾም የያዘችው ላንቺ ፈተና ነው። ሳትታመም በፊት ነው የተሳለችው። ነፍስ አባቷ አባ ባየልኝ መታመሟን ሰምተው መጡና፣ "አሰፋች፣ ጾም ለታመመ ሰው አልታዘዘም። ፈትቼሻለሁ፤ ወተትሽን ጠጪ" አሏት።

"አባቴ፣ እርስዎማ ይፍቱኝ" አለቻቸው፤ "እኔ ግን ቃሌን የሰጠሁት ለእርስዎ አይደለም።"

አባ መስቀላቸውን አሳልመዋት ሳቃቸውን አፍነው ወጡ። እንግዲህ አስቢው፤ እሷ አንቺ ፈተናውን እንድታልፊ ብላ ወተት አትጠጣም፣ አንቺ ደግሞ እሷ አልጠጣችም ብለሽ ፈተናውን ልትተዪ ነው። እኔ በመካከላችሁ ማሽን ይዤ ቆሜያለሁ።

እሑድ ማሽኑ እንደደረሰ ወደ ሙባረካ ሄድኩ። መናኸሪያው በር ላይ ፍራፍሬ የምትሸጠዋ ሙባረካ፣ አንቺም ታውቂያታለሽ። ከሽንፋ የመጣ ማንጎ ከፊቷ ከምራለች፤ የወቅቱ መጨረሻ ነው። ቀላ ቀላ ያለውን እየመረጥኩ ስሰበስብ እጄን መታችኝ።

"ፊቱን አይተህ ነው እንዴ የምትመርጠው? ለትዳር ነው?"

"ለአሰፋች ነው።"

"ለአሰፋች? ወላሂ ይኼንን አልሰጥህም። ይኼ የመንገደኛ ነው።" ከጀርባዋ ከጆንያ ሥር ሌላ አወጣች፤ መልኩ አረንጓዴ፣ ሽታው ግን ከርቀት የሚጣራ። "አሽትተህ ግዛ። ሚስትም ብታገባ እንደዚሁ።"

አንቺ በድምፅ የላክሽልኝ መመሪያ ማንጎ፣ ሙዝ፣ ትንሽ ፓፓያና አንድ ኩባያ ወተት ይላል። ወተቱን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ገባሁ። እናትሽ አሸልቧት ነበር። ሁሉንም ጨምሬ ፈጨሁት። በማሽኑ ጩኸት ብንን ብላ ነቃች።

"ምን ምን ገብቶበታል?" አለችኝ ብርጭቆውን እያየች።

"ማንጎ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ።"

"ያነጣውስ ምንድን ነው?"

"የሰሊጥ ወተት ነው" አልኳት።

ዋሸሁ፣ መቅዲ። ብዙ ቀልጃለሁ፤ ይህ ግን ቀልድ አልነበረም። አንዴ ከጠጣች ጉልበት ታገኛለች፣ ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ ብዬ ነው። እሷም አመነችኝ። አማተበች፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፏ አስጠጋች። እጆቿ ከስተው ቀለበቷ ወደ ጣቷ አንጓ ወርዷል። ከንፈሯ ሊነካው ሲል እኔው እጄን ሰድጄ ያዝኩት።

"የላም ነው" አልኳት።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ደረበ፣ ልጄን ከፈተናው ልትጥልብኝ ነበር?" ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሰኞና ማክሰኞ ከእጄ ምንም አልቀበል አለች። ውሃ ስሰጣት እንኳ "ምን አድርገህበታል?" ትለኛለች። ማክሰኞ ማታ አንቺ ደውለሽ እያለቀስሽ "እመጣለሁ" ያልሽው ያኔ ነው።

ረቡዕ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የዋሸሁበትን ነገር እውነት ባደርገውስ? ሰሊጥ አገር ተቀምጠን የሰሊጥ ወተት ምን ያቅተናል? ከጓዳ ጆንያ አንድ ጣሳ ሰሊጥ ቀዳሁና ዓይኗ እያየ ልሠራው አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነች። ሰሊጡን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጬ ውሃ ሞላሁበት፣ በእጄ አሽከረከርኩት፣ ከላይ የሰፈፈውንና ከውሃው ጋር የሚወርደውን ወደ ባልዲው ደፋሁ። ምስር ሲታጠብ አይቼ የለ? ፍሬው ከሥር ይቀራል፣ ገለባው ይሄዳል። ሁለተኛ ደፋሁ። ሦስተኛ ልደፋ ስል ከአልጋው ላይ ድምፅ መጣ።

"ምንድን ነው የምትደፋው?"

"ገለባውን።"

ዞረች። ባልዲውን አየች፣ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች።

"አንተ ሰውዬ! ሰሊጡን ደፍተህ አሸዋውን ልትፈጭልኝ ነው?"

ጎንበስ ብዬ ሳየው እውነቷን ነው። ሳህኔ ውስጥ የቀረው የአውድማው አሸዋ ነው፤ ሰሊጡ ባልዲው ውስጥ ይንሳፈፋል።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያበላህ ሰሊጥ ነው! ባህሪውን ለማወቅ አንድ ቀን እንኳ አልሞከርክም?"

"እኔ የማውቀው መሬቱን በትራክተር ማረስ ነው፣ እትዬ። የሚታጠብ መሆኑንም ዛሬ ነው የሰማሁት።"

"አምጣው ወዲህ! ሌላ ሳህን ጨምር! ባልዲውን እንዳትነካ!"

ተነስታ ተቀመጠች። መቅዲ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሁለት ሰው ደግፏት ትቀመጥ የነበረችው ሴት፣ እኔን ለመስደብ ስትል ብቻዋን ተቀመጠች። ሁለቱን ሳህኖች ጭኗ ላይ አድርጋ ከአንዱ ወደ አንዱ ትገለብጣለች፤ ሰሊጡ ከውሃው ጋር ያልፋል፣ አሸዋው ከሥር ይቀራል። አምስት ጊዜ አጠበችው፤ ባጠበች ቁጥር አንድ አንድ ስድብ አወረደችብኝ። አንዱን እንኳ ልጽፍልሽ አልችልም፣ ሽኩር መንገድ ላይ ከፍቶ ያነበው እንደሆነስ? ላቧ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል፤ ፊቷ ግን የሰው ፊት መሰለ።

ከዚያ በኋላ እኔ እጅ ብቻ ሆንኩ፤ አዛዧ እሷ ነች። ሰሊጡ ረሰረሰ፤ መብራት ሄዶ ልባችንን ሰቅሎ ተመለሰ፤ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከውሃ ጋር ፈጨሁት። እሷ በንጹሕ ሻሽ አጠለለችው፤ ነጭ ወተት ወረደ። "ወተት ማለት ይኼ ነው፤ ያ ያንተ ውሸት ነው" አለችኝ። በዚያ ላይ አንድ ማንጎ፣ ግማሽ ሙዝ፣ አንድ ቁራጭ ፓፓያ። ክዳኑን በመዳፌ ጫን ብዬ ይዤ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፤ አለቀ። ሰሊጡ ከተዘጋጀ ሌላው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለምግብ ይህን ያህል ቀን ስንጨነቅ አምስት ደቂቃ ብቻ መሆኑ ያናድዳል።

አማተበች፤ ጠጣች። ግማሹ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ሎሚ ያንሰዋል" አለች።

መቅዲ፣ ውሃ የሚመርረው ምላስ ሎሚ መረጠ! ሎሚ ፍለጋ በሩጫ ወጣሁ፤ የሮጥኩት ስንት ዓመቴ እንደሆነ ረስቼ ነው። ጨመቅኩላት፤ ጨረሰችው። የብርጭቆውን ጠርዝ በጣቷ ጠርጋ ላሰችው፤ እንዳላየሁ ሆኜ ወደ ውጭ አየሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሁለተኛ ክፍል ሳለሽ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ፣ "ነይ የተማርሽውን አንብቢልኝ፣ ልፈትንሽ" እልሽ ነበር። ጣትሽን በቃላቱ ላይ እያሳለፍሽ ታነቢልኛለሽ፤ እኔም "ይህቺ አልተስተካከለችም፣ ድገሚያት" እላለሁ። ተስተካክላ ነበር። ያን ጊዜ ፊደል አላውቅም፤ አስደግምሽ የነበረው ስላልያዝኳት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍበትን ፊደል ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ሳታውቂው። ስለዚህ የፊታችን ማክሰኞ ስለምትፈተኚው የመውጫ ፈተና ከማንም በላይ የምጨነቀው እኔ ነኝ። አስተማሪዬ ፈተና ጥላ ሄደች መባልን አልፈልግም። አትምጪ። አንድ ብርጭቆ ጠጣች ማለት ዳነች ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ገና ከአልጋዋ አልወረደችም፤ ግን ዛሬም እሰጣታለሁ፣ ነገም፣

ቆዪ፣ በር ተንኳኳ። ከቀትር በኋላ በዚህ ሙቀት የሚመጣብኝ እንግዳ የለም።

መቅዲ! እናትሽ ናት። ሦስት ቤት አልፋ ብቻዋን፣ አጥሩን እየተደገፈች መጥታለች። በሩ ላይ ቆማ ታለከልካለች፤ እኔም ብዕሬን እንደያዝኩ አፌን ከፍቻለሁ።

"ለማን ነው የምትጽፈው?" አለችኝ።

"ለመለዋወጫ ዕቃ ነው፤ ለትራክተር።"

"ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆየ እኮ! የት ቀረህ? ራበኝ።"

ራበኝ አለች፣ መቅዲ። በገዛ አፏ። ልሂድላት።

ሰሊጥ ማጠብ የተማረው አጎትሽ፣
ደረበ