የስሜ ጭራ

ዳንግላ፣ ሚያዝያ 2007 ዓ.ም.

ውድ ኑኃሚን፣

ስምሽን ስጽፍ ላብ አጠመቀኝ። ሀ ስንት ዓይነት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያንቺ የትኛው ነው ብዬ የማታ መምህራችንን እንዳልጠይቅ፣ ለማን እንደምጽፍ ይነቃብኛል። ከየት ገለበጥኩት መሰለሽ? አንቺን ከሚወነጅለው ወረቀት ላይ፣ በዓይኔ ይዤው።

እኔ ውብአየሁ ነኝ፤ አንቺ ገንዘብ ያዥ በነበርሽበት የቁጠባና ብድር ማኅበር ወለል የምወለውለው። አዎ፣ ያቺ ፊደል የማትለየው! በአራት ወር ጨረስኩት እኮ፤ አብራኝ የጀመረችው ጎረቤቴ ማሪቱ ገና ከ"መ" ጋር ትታገላለች። ባጃጅ ጀርባ ላይ የተጻፈ አንድም አያመልጠኝም፤ መንገድ ላይ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። ዛሬ የሚያስፈራኝም ይኸው አፌ ነው።

ማኅበሩ ከስሮ በሩ ከታሸገ ወዲህ ገበሬው ደጁ ላይ ያለቅሳል። ሊቀመንበሩ አቶ ደጀን "ልጅቷ ይዛው ጠፋች" ይለዋል። ሰኞ ዕለት እኔን አስጠራኝና ወረቀት ዘረጋ።

"ማታ ማታ ትማሪያለሽ አሉ?"

"ኧረ ጌታዬ፣ ገና ሀ ላይ ቆሜያለሁ።"

"እዚያው ቁሚ። ለመጥረጊያ ሀ ይበቃል።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ "የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ገንዘቡ የማውቀው የለም።" ዓይኔ ግን መጨረሻው ላይ "አየሁ" የምትል ቃል ላይ አረፈ። መጀመሪያ የተማርኳት የስሜ ጭራ! "ውብ"ን ረስተው ስሜን ያጎደሉት መስሎኝ ልቆጣ ምንም አልቀረኝ። ቀስ ብዬ ከፊቷ ያለውን ሳነበው፦ "ኑኃሚን ገንዘቡን በከረጢት ይዛ ስትወጣ በዓይኔ አየሁ።"

ልጄ፣ አውራ ጣቴን ይዞ ቀለም ውስጥ ነከረው። ፈራሁ። አተምኩ።

የማየውንማ አይቻለሁ። ለሹማምንቱ ያለ ዋስ የሚሰጠውን ብድር አልፈርምም ያልሽ ዕለት፣ አቶ ደጀን ፀጉርሽን ይዞ ወደ መዝገብ ክፍሉ ሲጎትትሽ፣ በጥፊ ሲያላጋሽ፣ ከበሩ ጀርባ መወልወያዬን አቅፌ ቆሜ ነበር። አየሽኝ። አልጮኽኩም። ያ ሁሉ አፍ የት ገባ? ፓዌ አክስትሽ ዘንድ መሸሸሽን የነገረችኝ በርበሬ ነጋዴዋ ውዴ ናት፤ ይህንንም የምታደርስልሽ እሷው ናት።

ሐሙስ ፍርድ ቤት ቀርቤ "ቃሌ ነው" እንድል ይጠብቁኛል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንድ ሰው እስከ ቤቴ ይከተለኛል። በሬን ቀርቅሬ በአዊኛ እጸልያለሁ፤ ጸሎቱ ሲያልቅብኝ ግድግዳዬ ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ አነባለሁ። ሁለት ጊዜ ጨረስኩት።

ሐሙስ ግን የአቶ ደጀንን እጅና የአንቺን ፀጉር እናገራለሁ። ያየሁት ውብ ባይሆንም፣ አየሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ካደረጉኝ ይህን ወረቀት እንዳታቃጥዪው። በአውራ ጣት የታተመ ቃል አምጥተው "የውብአየሁ ነው" ቢሉሽ እንዳታምኚ። እኔ አሁን እጽፋለሁ።

ውብአየሁ
በገዛ እጄ